ከታክሲ ወርደሽ ቤት እስክትገቢ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። ዕድሜዬ 34 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ነው። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ። የልጆቹን ምሳ ዕቃ አዘጋጅቼ፣ በባዶ ሆዴ ቡና ጠጥቼ እወጣለሁ። አራብሳ ሰልፍ፣ መገናኛ ሌላ ሰልፍ። ማታም ያው ነው። ቤት የምገባው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት የሚሆንበትም ቀን አለ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምትቀበልልኝ የባለቤቴ እህት ናት፤ አብራን ነው የምትኖረው።

ሥራ ቦታ ሁሉም ‹እንዴት ያለሽ የረጋሽ ሴት ነሽ› ይሉኛል። ቤቴ ስገባ ግን ቱግ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት የሰባት ዓመት ልጄ ውሃ ደፋ ብዬ ጮህኩበት። ሮጦ አልጋ ሥር ገባ። ያን ቀን ሳለቅስ አመሸሁ። ደረቴን ይጨንቀኛል፤ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። እየደከመኝ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ጸሎት አደርጋለሁ፤ ሐሳቤ ይበታተናል። ትንሽ ቀለል የሚለኝ ከራት በኋላ ጎረቤቴ ቡና ስታፈላና እሷ ጋ ቁጭ ስል ብቻ ነው።

በዚህ ላይ አከራያችን ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራይ እንደሚጨምር በስልክ ነግሮናል። ካልተስማማችሁ ልቀቁ ብሏል። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቤት ቢያድር ነው። ሲመጣም ‹ምን ሆነሽ ነው ሁሌ ፊትሽ የሚጠቁረው?› ይለኛል።

መድኃኒት መዋጥ አልፈልግም። ጎረቤቴ ጤና አዳም አፍልተሽ ጠጪ ብላኛለች። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ጭንቀት ያጠፋል የሚባል ዱቄት ሲሸጥ አይቻለሁ። በተፈጥሮ መንገድ የምረጋጋበትን ቢነግሩኝ፤ ባለቤቴንስ ምን ልበለው?

ከአራብሳ»

መልስ

እህቴ፣ አንቺ ልበልሽና በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

‹ቤቴ ስገባ ቱግ እላለሁ› ብለሻል። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ንዴቱ ቤት ውስጥ ሲጀምር አላየሁም። የጀመረው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ባዶ ሆድ ላይ በወረደ ቡና። ከዚያ ሰልፍ። ከዚያ መገናኛ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ የሰው ብር መቁጠር፣ ያውም አንድም ሳይጎድል። ከዚያ እንደገና ሰልፍ። አራተኛ ፎቅ ስትደርሺ ቀኑ በሙሉ አብሮሽ ደረጃውን ወጥቷል። ልጅሽ የጥፋቱን ያህል አልተጮኸበትም፤ ተራው እሱ ላይ ስለደረሰ ነው።

ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብቻ አይደለም። መፍትሔ የምንፈልግበትን ሰዓት ስለሚቀይረው ነው። ብዙ ሰው ‹ተረጋጋ› ሲባል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ልጆች እየተንጫጩ፣ ሽንኩርት እየከተፈ ለመረጋጋት ይታገላል። ከቀኑ ሁሉ ከባዱ ሰዓት እኮ እሱ ነው። እዚያ ላይ ጉልበትሽን አትጨርሺ። ከዚያ በፊት ባሉት ሰዓታት እንሥራ።

ሰውነት አደጋ ያየ ሲመስለው አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ሥራውን ይተዋል። ዋልተር ካነን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ይህንን በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። እሱ ያጠናው ውሻ ሲጮህባቸው ድመቶች ምን እንደሚሆኑ ነበር። ሰውነታቸው ወይ ለመዋጋት ወይ ለመሸሽ ይዘጋጃል። ድመቷ ውሻው ሲሄድላት ትረጋጋለች። የመገናኛ ሰልፍ ግን አይሄድም፤ ነገም እዚያው ነው። አንቺ ደግሞ አትዋጊም፣ አትሸሺም፤ ቆመሽ ተራሽን ትጠብቂያለሽ። ለሩጫ የተዘጋጀ ሰውነት ቆሞ ሲውል ደረት ቢጨንቅ ምን ይገርማል?

ስለዚህ መጀመሪያ የምመክርሽ ተቀምጠሽ የምትሠሪውን አይደለም፤ እግርሽን እንድታንቀሳቅሺ ነው። ‹ማታ ከታክሲ ቀድመሽ ወርደሽ በእግርሽ ግቢ› የሚል ምክር ብዙ ቦታ ታነቢያለሽ። ለአንቺ አልመክረውም። እኛ አገር አንድ ሰዓት ሲሆን ጨልሟል። በዚያ ሰዓት በዳር ሰፈር ብቻዋን የምትሄድ ሴት ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። ውሻው አለ፣ መብራት የሌለው መንገድ አለ፣ ከኋላ የሚመጣው ሰው አለ። እንዲህ ያለ እርምጃ ጭንቀት አይቀንስም፤ ይጨምራል።

የአንቺ የእርምጃ ሰዓት ምሳ ሰዓት ነው። ምሳሽን ቶሎ ብለሽ ብዪና ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር በኩል ወይም ወደ ልደታ በኩል አስር ደቂቃ ሄደሽ፣ አስር ደቂቃ ተመለሺ። ቦርሳሽን እዚያው ቢሮ ተዪው። ስልክሽንም ብትተዪው ደስ ይለኛል፤ ግን አትተዪውም። ፈጠን ብለሽ ሂጂ፤ ማውራት የምትችዪበት፣ መዝፈን ግን የማትችዪበት ፍጥነት ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ሃያ ደቂቃ ከሄድሽ 100 ሞላ። የቀረውን እሁድ ከልጆችሽ ጋር ውጡበት።

እሁድን አቅልለሽ አትዪው። ዳር መኖር ከመሀል ከተማ የሚያርቅሽን ያህል ሌላ ነገር ያቀርብልሻል። ከሕንፃዎቹ ወጣ ስትዪ ማሳው አለ፤ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ አየሩ ጥርት ሲል የረር ተራራ ወለል ብሎ ይታያል። ቦሌ መሀል የሚኖር ሰው ይህን ለማየት መኪና ተከራይቶ ይወጣል። ልጆቹ ይሩጡ፣ ጭቃ ይንኩ። አንቺ ልብስ ማጠቡን ለሁለት ሰዓት አቆዪው። እሱ የትም አይሄድም።

አሁን ወደ ታክሲው። ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ማድረግ ትችያለሽ፤ ማንም አያይሽም። በአፍንጫሽ አየር ሳቢ። ሳንባሽ የሞላ ሲመስልሽ በላዩ ላይ ትንሽ አጭር ጨምሪ። ከዚያ በአፍሽ ቀስ ብለሽ፣ ረጅም አድርገሽ አውጪ፤ ከባድ ዕቃ አውርዶ ‹እፎይ› እንደሚል ሰው። እንደዚያ እያልሽ ትንሽ ደቂቃዎች ቀጥዪ። አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ቀስ ይላል። ይህን የሚያዘው ከአንጎል ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ማስወጣቱን ስታስረዝሚ ልብሽ ቀስ የሚልበትን ጊዜ ታስረዝሚያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን በቀን አምስት ደቂቃ፣ ለአንድ ወር ያህል ይህን ሲያስለማምዱ ከረሙ። ውጤቱን አርፈው ሜዲቴሽን ከሚያደርጉት ጋር ሲያነጻጽሩ ስሜታቸው ይበልጥ የተሻሻለው እነዚህ ሆነው ተገኙ።

ሚኒባስ ውስጥ ምን አየር አለ ትዪኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። መስኮት ይከፈት ሲባል ‹ንፋስ መታኝ› የሚል ሰው አይጠፋም። የሚረዳሽ ማስወጣቱ ነው፤ በተዘጋ መስኮትም ይሠራል።

ጸሎትሽን በተመለከተ፣ ሐሳቤ ይበታተናል ብለሽ አትጨነቂ። የማንም ሐሳብ ይበታተናል። ጸሎቱን በሐሳብሽ ብቻ ከምትዪው ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ በዝግታ፣ ቃል በቃል በዪው። እ.ኤ.አ. በ2001 የጣሊያን ሐኪሞች ሰዎች የማርያምን ጸሎት በላቲን በመቁጠሪያ ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ዝቅ እንደሚል ጽፈዋል። በደህናው ጊዜ አብዛኛው ሰው በደቂቃ ከአስራ ሁለት እስከ ሃያ ይተነፍሳል። መቁጠሪያ ይዘሽ እግዚኦታ ረጋ ብለሽ የምትደግሚ ከሆነ፣ ሐሳብሽ ቢሄድም ትንፋሽሽ አብሮሽ አለ። ሙስሊም ጎረቤት ካለሽም ሶላቷን ሰግዳ ሙስበሃ ይዛ ቁጭ ስትል እይያት፤ አትቸኩልም። ለነፍስ የሚሰጠውን ለሃይማኖት አባቶች እተዋለሁ። እኔ የማወራው ስለ ሳንባ ነው።

አሁን ቡናው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ በሁለት በር የገባው እሱ ነውና።

የጠዋቱ መጀመሪያ። ከእንቅልፍ ስንነሳ ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን በራሱ ጊዜ ከፍ ይላል። ሰውነት ለቀኑ እንዲነሳ የሚያግዘው እሱ ነው። በዚያ ላይ ባዶ ሆድ ቡና ሲጨመርበት ልቡ ድው ድው የሚል፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሆዱ የሚቃጠል ሰው ብዙ ነው። የደረትሽ ጭንቀት ጠዋት ጠዋት የሚብስ ከሆነ ቡናውን ጠርጥሪው። ተዪው ግን አልልሽም። አራብሳ ኖሮ ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሳን ሰው ቡና ተው ማለት ግፍ ነው። ብቻ ሆድሽ ቀድሞ አንድ ነገር ይቅመስ። ቁራሽ ዳቦ፣ ትናንት የተረፈ ቂጣ፣ ጭብጥ በሶም ይበቃል። በጾም ቀን ሰዓት የምትጠብቂ ከሆነም ስትፈቺ በቡና አትጀምሪ። ረቡዕና ዓርብ ራስሽን የሚወቅርሽ ከሆነ ደግሞ ወይ ረሃቡ ወይ የቡናው ሐራራ ነው፤ ሌላ ነገር መጣብኝ ብለሽ አትደንግጪ።

የማታው አስቸጋሪ ነው። ምክንያቱም የሚጠቅምሽና የሚጎዳሽ ነገር አንድ ረከቦት ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤትሽ ጋ ቁጭ ብሎ ማውራት ከጠየቅሽኝ ተፈጥሯዊ መድኃኒት ሁሉ ይበልጣል። ‹ትንሽ ቀለል የሚለኝ እሷ ጋ ስሆን ብቻ ነው› ያልሽው ለዚህ ነው። አዳዲስ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ከየቦታው የተሰበሰበ፣ የማይተዋወቅ ሰው የሚኖርበት ነው። በርሽን አንኳኩታ ‹ቡና ደርሷል› የምትልሽ ጎረቤት ማግኘትሽ ቀላል ዕድል አይደለም።

ግን ቡናው ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይኑ አለ። ሰውነት ከወሰደው ካፌይን ግማሹን ለማስወጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከጠጣሽው ግማሹ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ገና ሰውነትሽ ውስጥ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ጊዜው እጥፍ ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጠንከር ያለ መጠን ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት ተወስዶ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንደቀነሰ አሳይቷል። ‹እኔን ቡና እንቅልፍ አይነሳኝም› የሚሉ ሰዎች አሉ። ይወስዳቸዋል፤ እንቅልፉ ግን ይሳሳል። አንቺ ግን ከስድስት ሰዓት በፊት እንቅልፍ አይወስደኝም ብለሻል። 11 ሰዓት ትነሻለሽ። የምትተኚው ለአምስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ያስፈልገዋል። አምስት ሰዓት የተኛ ሰው ውሃ ሲደፋበት ባይጮህ ነው የሚገርመኝ።

እና ምን ይሁን? ጎረቤትሽን አትቅሪባት። ሲኒውን ቀይሪ። አቦሉ ወፍራሙ ነው። በረካው በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ለሦስተኛ ጊዜ የፈላ ነውና ቀጭን ነው። ቀልዴን አይደለም፤ በረካው ላይ ድረሺ። ‹አቦል ሳትጠጪ!› ብላ ቅር ካላት ‹ጨጓራዬን› በያት። ለጨጓራ የማያዝን ጎረቤት የለም። ከዚህም የተሻለው ለአንቺ ለብቻሽ የጦስኝ ወይም የዝንጅብል ሻይ እንድትጥድልሽ መንገር ነው። ሦስቱንም ተራ እያጣጣማችሁ የምትጠጡትን ቡና ቅዳሜና እሁድ ጠዋት አድርጉት። ሰዓቱ ይቀየር እንጂ ወሬው እንዳይቀር።

ጤና አዳምን ጠይቀሻል። አንድ ዘለላ ሲኒ ውስጥ ጣል ማድረግ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ሽታውም ደስ ይላል። አፍልቶ በብርጭቆ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በብዛት ሲወሰድ ጨጓራን፣ ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ልትሆኚ የምትችዪ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትንኪው፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ጦስኝ፣ ዝንጅብል፣ ጠጅ ሳር በሻይ መልክ ብትጠጪ ግን ግድ የለም። የሻይ ቅጠል እስካልጨመርሽበት ድረስ ካፌይን የላቸውም። ጭንቀት ይነቅላሉ ብዬ አልዋሽሽም። ትኩስ ነገር ይዞ አስር ደቂቃ ቁጭ ማለት ግን ለአንቺ ብርቅ ነገር ይመስለኛል።

የቲክቶኩን ዱቄት እርሺው። ውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈበት ነገር ‹ተፈጥሯዊ› ስለተባለ አይጠጣም። ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው።

እንግዲህ ወደ ደረጃው እንምጣ። ማታ ከታክሲ ወርደሽ ብሎካችሁ ሥር ስትደርሺ ወዲያው አትውጪ። መብራትና ሰው ያለበት ቦታ ፈልገሽ ቁጭ በዪ፤ መግቢያው ደረጃ ላይም ይሁን። አምስት ደቂቃ ብቻ። ስልክሽ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ትከሻሽን ወደ ጆሮሽ ከፍ አድርገሽ አጥብቀሽ ያዢ፣ ከዚያ ልቀቂ። ጡጫሽን ጨብጪ፣ ልቀቂ። ጥርስሽን ነክሰሽ እንደሆነ እይ፤ ብዙ ጊዜ ነክሰሽ ታገኚዋለሽ። ያንን ረጅም ትንፋሽ ጥቂት ጊዜ አውጪ። ከዚያ ደረጃውን ውጪ። ጎረቤት አይቶሽ ‹ምን ሆነሽ ነው?› ማለቱ አይቀርም። ‹ትንፋሽ እየሰበሰብኩ ነው› በዪ፤ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ይህ መልስ ያስኬዳል። የባለቤትሽ እህት ቤት ስላለች አምስት ደቂቃ ብትዘገዪ ልጆቹ ምንም አይሆኑም። ለእሷም ንገሪያት። ቤት እንደገባሽም ልብስሽን እስክትቀይሪ ድረስ ‹እማዬ አሁን አትጠየቅም› የሚል ሕግ አውጡ። ልጆች ሕጉ አጭር ከሆነ ያከብራሉ።

እንቅልፍ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር። አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ከመተኛታቸው በፊት አምስት ደቂቃ የነገውን ሥራ ዝርዝር የጻፉ ሰዎች፣ ያለቀ ሥራቸውን ከጻፉት በዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኝተዋል። ዘጠኝ ደቂቃ ትንሽ ነው። ግን ወጪ የለውም፤ የልጅሽ ያለቀ ደብተር የኋላ ገጽ ይበቃል። ‹ምሳ ዕቃ፣ የጋዝ ብር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አከራይ› ብለሽ ጻፊው። ምሳ ዕቃውን ደግሞ የምትችዪውን ያህል ማታ አሰናጂ፤ ጠዋት ጥቂት ደቂቃ ብትተርፍ ለቁራሽ ዳቦዋ ትሆናለች። ስልኩ ከአልጋው ራቅ ይበል። የፌስቡክን ዜና አንብቦ የተረጋጋ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለ አከራዩ ያልሽው ግን በትንፋሽ የሚያልፍ አይደለም። አንዳንድ ጭንቀት ሰውነት የሚሠራው ሳይሆን ኑሮ የሚያመጣው ነው፤ መድኃኒቱም ወረቀት ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ጭማሪም አከራይ በፈለገ ጊዜ በስልክ የሚነግረው አይደለም፤ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው መጠን ነው። ውላችሁ የት እንዳለ ዛሬውኑ ፈልጊ። ከሌላችሁ ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የምሳ ሰዓት ፈቃድ ወስደሽም ቢሆን። አከራዩ ጋር መጋጨት ላያስፈልግሽ ይችላል። ‹ወረዳ ጠይቀን ነበር› የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል። ቢያንስ ማታ ማታ ‹ምን ሊመጣ ነው› እያልሽ ከመገላበጥ መልሱን ታውቂዋለሽ።

መድኃኒት አልፈልግም ብለሻል። እሺ። ሐኪም ማየት ግን መድኃኒት መዋጥ ማለት አይደለም። ደረትን የሚያስጨንቅ ሁሉ ጭንቀት አይደለም፤ ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የደም ግፊትም እንዲሁ ያደርጋል። በቅርብሽ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደሽ አንዴ ተመርመሪ። ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያሰምጥሽ ወይም የሚያስትሽ ከሆነ ቀን አትቁጠሪ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ ወይም ‹ባልኖር ይሻል ነበር› የሚል ሐሳብ ከመጣብሽም እንዲሁ። አማኑኤል ሆስፒታል የሚሄደው ‹ያበደ› ሰው ብቻ ነው የሚለውን የድሮ ወሬ ጆሮ አትስጪው።

ልጅሽ አልጋ ሥር መግባቱ ሆዴን በልቶታል። ይቅርታ ጠይቂው። ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። ቁጭ በዪ፣ ዓይኑን እያየሽ፣ ‹ያን ቀን የጮህኩብህ በጣም ደክሞኝ ስለነበር ነው፤ አንተ መጥፎ ልጅ ስለሆንክ አይደለም› በዪው። ‹ግን አንተም ውሃ አትድፋ› የሚለውን አትጨምሪበት። እሱን ለሌላ ቀን። እንደገና ብትጮሂበት እንደገና ጠይቂው፤ ልጅ ይቅርታ በዛብኝ አይልም።

ባለቤትሽን ምን ልበለው ብለሻል። ‹ምን ሆነሽ ነው?› ሲልሽ የሚጠይቀው አስቦልሽ ይሁን ሰልችቶት እኔ ከዚህ ሆኜ መለየት አልችልም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን እሱም መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ነው። ቤት ሲገባ የደከመ ሰው መሆኑን አትርሺ። ስለዚህ የምታወሩት እሱ ከመንገድ በገባበት ማታ አይሁን፤ በነጋታው ይሁን፤ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ልጆቹ ውጪ እየተጫወቱ ሳለ። ‹አትረዳኝም› አትበዪው። ይህን የሰማ ወንድ ወዲያው የረዳበትን ቀን ሁሉ ይቆጥርልሻል። አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቂው። ለምሳሌ፣ ‹ቤት በምታድርበት ቀን ራቱንና ልጆቹን ማስተኛቱን አንተ ያዝልኝ። እኔ በአራት ሰዓት ልተኛ› በዪው። ስለ አከራዩም ንገሪው፤ ወረዳ የሚሄደው እሱ ሊሆን ይችላል፤ በሥራ ቀን ቤት የሚገኘው እሱ ነውና። እምቢ ካለ ወይም ከሳቀ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ ሌላ ደብዳቤ ነው የምንጻጻፈው። እሺ ካለ ግን ቃሉን ያዢበት። በዚያን ቀን ማታ ወጥ ቤቱ የእሱ ነው። ሽንኩርቱ ሲያርር ቢሸትሽም አትግቢ።